ሞጣ ሄዶ የቀረው ኮምፒውተር

ቢቸና ፍርድ ቤቱ አጠገብ ከተደረደሩት ጠባብ ሱቆች በአንዷ ፋንታነሽ የምትባል የጽሕፈት ባለሙያ አለች። ወጣትነቷን በወረዳ ጽሕፈት ቤት ታይፕ ስትመታ አሳልፋ፣ ከመንግሥት ሥራ ስትወጣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ገዝታ የራሷን ቤት ከፈተች። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ አቤቱታ ታዘጋጃለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች። ባለጉዳዩ ከፊቷ ባለው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነገሩን ከሥሩ ያወራላታል፤ እሷ እንክርዳዱን ከስንዴው ለይታ ዳኛ በሚገባው ቃል ታሰፍርለታለች። ሰው ለነፍስ አባቱ ለመናገር የሚያፍርበትን እንኳ ለእሷ ይነግራት ነበር። አንዲትም ቃል ከዚያች ቤት ወጥታ አታውቅም።

ታዲያ ያ ኮምፒውተር አመል አወጣ። «አመልካች» ብላ ጽፋ «ተጠሪ» ሳትል ድርግም ይላል። መጀመሪያ መብራቱ ነው ብላ ኤሌክትሪክ ኃይልን ረገመች። በኋላ ግን አምፖሉ እየበራ፣ የጎረቤት ሬዲዮ እየጮኸ፣ የእሷ ብቻ መጥፋቱን ቀጠለ። የቢቸናው ጠጋኝ ከፍቶ አቧራውን እፍ ብሎ ዘጋና «ይኼ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ሞጣ ሽታሁን ዘንድ ላኪው» አላት። ሽታሁን ከልጅነቱ የቅኔ ተማሪ ነበር፤ ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ተምሮ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ከፈተ። እጁ ወርቅ ነው ይሉታል። አፉም ከእጁ አያንስም።

ሲፒዩውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ለምታውቀው ሚኒባስ ሾፌር አስረከበች። ሞኒተሩና ኪቦርዱ ጠረጴዛዋ ላይ ቀሩ። በሳምንቱ ይደርሳል ተብሎ ነበር።

ሳምንቱ አለፈ። ደወለች። ሽታሁን ስልኩን ሲያነሣ እንደ ደብተራ ዜማ በለዘበ ድምፅ ነው፤ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ልጇ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀና ፓወር ሰፕላይ የሚሉት የኃይል ማስተላለፊያ ዕቃ ከባሕር ዳር እየጠበቀ መሆኑን ነገራት። በሚቀጥለው ሳምንት ዕቃው መጥቷል፣ ኔትወርክ ግን የለም አለ። ፓወር ሰፕላይ ለመቀየር ኔትወርክ ምን እንደሚያደርግ ልትጠይቀው ስትል መስመሩ ተቋረጠ። ቀጥሎ መንገድ ተዘጋ አለ። መንገዱ በእርግጥ ተዘግቶ ነበርና በዚህ እንኳ ልትከሰው አልቻለችም። መንገዱ ሲከፈት እንደገና ደወለች።

«አይስጉ እትዬ ፋንታነሽ» አላት፤ «ኮምፒውተርዎ ጠዋት ማታ እየሠራ ነው።»

«ከሠራ ላከዋ!»

«ትንሽ ልየው። ቸኩዬ ልኬው መንገድ ላይ ቢታመም ስሜ ነው የሚጠፋው።»

ላም አለኝ በሰማይ ሆነባት። እስከዚያው በእጇ ትጽፋለች። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የእጅ ጽሕፈት ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ባለጉዳዩም ይህን አይቶ ከታች ካለው ሌላ ጽሕፈት ቤት መሄድ ጀመረ። እንደማይቀሩባት የምታውቃቸው ባለጉዳይ አንድ ብቻ ነበሩ፦ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ።

እማሆይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ትንሽ ቤትና ጓሮ አላቸው። ጓሮውን የወንድማቸው ልጆች አጥረው ወስደውባቸዋል። አቤቱታቸው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ተጀምሮ፣ ግማሹ ተጽፎ ቀርቷል። ፋንታነሽ በእጅ እንደገና ልጻፍልዎ ብትል እምቢ አሉ፤ በዚያ ቀን የተናገሩትን ደግመው ለመናገር አቅም የለኝም አሉ። ስለዚህ በየጠዋቱ ከቅዳሴ መልስ መጥተው በሩ ላይ ይቀመጡና ስለ ኮምፒውተሩ እንደ ታማሚ ዘመድ ይጠይቃሉ። እንዴት አደረ? ተሻለው? አንድ ቀንማ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዘው መጡ፤ ለሞጣው ሰው ላኪለት፣ ጥቂት ይርጭበት ብለው። ፋንታነሽ ቆሽቷ እያረረ፣ ፊቷ ግን እየሳቀ፣ እሷው ጠጣችው። ከሚቆጣ ባለጉዳይ ይልቅ የማይቆጣ ባለጉዳይ ነበር የሚያቃጥላት። ሰው ቢቆጣት መልሳ ትቆጣ ነበር፤ እማሆይን ምን ትበላቸው?

በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስልኩን ደጋግማ መትታ የሚያነሣ ስታጣ ሱቋን ቆለፈች። እማሆይ ወዴት ነው ብለው ጠየቋት። ሞጣ ስትላቸው መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ብትለምናቸውም አልተመለሱም፤ የታመመን መጠየቅ ትእዛዝ ነው አሉ። ይህን ሲሉ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ከፊታቸው አይታወቅም።

ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ላይ ሰው እስኪሞላ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ጎማ ተቀየረ። ፋንታነሽ መንገዱን ሙሉ ለሽታሁን የምትለውን ስታሰናዳ ነበር። አንዱን ቃል ታነሣለች፣ ይለዝብባታል፤ ሌላ ትፈልጋለች። ሞጣ መናኸሪያ ሲደርሱ ንግግሯ ተጠናቆ፣ ዳኛ ፊት የሚቆም ሆኖ ነበር።

ሽታሁን ግን ይህን ንግግር አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ እንድትጀምረው አልፈቀደላትም። ገና ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ ነሣ። መቀመጫ በእጁ ጠርጎ አቀረበ፣ ሻይ አዘዘ፣ እማሆይን መስቀል እንደሚሳለም ሰው ጎንበስ ብሎ እንዴት ዋሉ አላቸው። የተማረበትን የቅኔ ቤት፣ የመምህሩን ስም አነሣ። እማሆይ መምህሩን በዝና ያውቋቸው ኖሮ ዓይናቸው በራ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ፣ ፋንታነሽ ጥርሷን ነክሳ እያየች፣ እማሆይ እጃቸውን ዘርግተው «የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፣ ልጄ» ብለው መረቁት።

«ሽታሁን፣ ኮምፒውተሬ የት ነው?» አለች ፋንታነሽ።

መደርደሪያው ላይ ብዙ የተበተኑ ዕቃዎች አሉ፤ የእሷ የለም። አንገቱን አከከና ከዚህ ቅርብ ነው፣ ለሙከራ ወጥቷል አለ። ይምጣ ስትለው ትንሽ ይረፉ እንጂ አለ። ተነሣችበት። እሱም ምንም ቢያዞር እንደማይቀርለት ሲያውቅ መንገድ መራቸው።

ወደ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ወሰዳቸው። ባለቤቱ ስጦታው የሚባል የሽታሁን ጓደኛ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሠልጣኞች ተደርድረው ተቀምጠው የአማርኛ ጽሕፈት ይለማመዳሉ። ፋንታነሽ በር ላይ እንደቆመች ዓይኗን ወደ ውስጥ ስትወረውር ከጥጉ ባለው ሞኒተር ላይ የልጇን የፍሬን ፎቶ አየች። የምርቃት ልብሷን ለብሳ፣ አበባ ይዛ፣ ትስቃለች። ሞኒተሩ ፊት በተቀመጠችው ሠልጣኝ እግር ሥር ያለው ሲፒዩ ላይ ደግሞ ፋንታነሽ ስሟን ጽፋ በገዛ እጇ የለጠፈችው ወረቀት አለ። «ጠዋት ማታ እየሠራ ነው» ያላት አሁን ገባት። ሰውየው አልዋሸም ነበር። ቢዋሻት እንኳ ይህን ያህል ባልከበዳት፤ እንዲህ አድርጎ እውነት መናገሩ ነው ያንገበገባት።

ወደ ጥጉ ስትሄድ እማሆይ ከኋላዋ ተከተሉ። ሠልጣኟ ልጅ አዲስ ናት፤ ጣቷን እያነሣች ፊደል ስትፈልግ ከንፈሯ ያነባል። የምትገለብጠው ከሞኒተሩ በአንድ ጎን ከተከፈተ ጽሑፍ ነው።

«የ… ወንድሜ… ልጅ…» አለች ለራሷ፤ «በ… ዱላ… ገፍቶ… ከደጄ… ጣለኝ…»

ፋንታነሽ ቀና ብላ እማሆይን አየቻቸው። መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ይህን ነገር የተናገሩት ለፋንታነሽ ብቻ ነበር፤ የወንድማቸው ልጅ እጁን እንዳነሣባቸው ለነፍስ አባታቸውም አልነገሩም።

«ይኼ የኔ ነው» አሉ እማሆይ፣ ቀስ ብለው።

ልጅቱ ደንግጣ ተነሣች። እማሆይ ትከሻዋን ነክተው «ተቀመጪ ልጄ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ» አሏት፤ ልጅቱ ግን አልተቀመጠችም።

ስጦታው ምኑም አልገባውም ነበር። ሽታሁን ማሽኑን ሲያመጣለት ውስጡ ያለውን ጽሑፍ አይቶ የመለማመጃ ናሙና መስሎት በፍላሽ ገልብጦ ለሌሎቹም ኮምፒውተሮች አከፋፍሏል። አሁን ሲረዳው ላብ አጠመቀው። ሽታሁን ግን አሁንም ቃል አላጣም። ብልሽቱ ማሽኑ ሲደክም ብቻ የሚታይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት ቦታ አስቀምጦ ማየት እንደነበረበት፣ እነሆ አንዴም እንዳልጠፋ፣ ክፋት አስቦ እንዳልሆነ አስረዳ። ግማሹ እውነት መሆኑ ይባስ አናደዳት።

በመንገድ ያሰናዳችው ንግግር ሁሉ ጠፍቶባት ነበር። ከአፏ የወጣው ይህ ብቻ ነው፦

«እኔ አንድ ብልሽት ጠግን ብዬ ላክሁልህ። ውስጡ ያለው የእኔ እንኳ አይደለም፣ የሰው ገመና ነው። ሰው አምኖ ሰጠኝ፣ እኔ አምኜ ሰጠሁህ። አንተ ለማን ሰጠኸው?»

ሽታሁን ጎንበስ ብሎ የሲፒዩውን ገመድ ይነቅል ጀመር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ ነበር። ፋንታነሽ ሠልጣኞቹን አስነሥታ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው እየተዘዋወረች የሰዎቿን ጽሑፍ ፈልጋ ታጠፋ ጀመር። የውርሱ ክርክር፣ የድንበሩ ጠብ፣ የይርጋነሽ የፍቺ አቤቱታ፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ፤ አንዳንዱ ግማሽ፣ አንዳንዱ በፊደል ግድፈት ተሞልቶ። ስጦታው አብሯት እየዞረ የረሳችውን ይጠቁማታል፣ ፍላሹንም አምጥቶ እያየችው ባዶ አደረገው። ሠልጣኞቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ያያሉ። ማን ምን አንብቦ ምን በልቡ እንደያዘ ግን ከማንም ላይ ማጥፋት አትችልም። ይህን እያወቀች ነበር የምታጠፋው።

ሽታሁን የጥገናውን ዋጋ አልቀበልም አለ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለት ወጣች፤ የእሱ ውለታ እንዲኖርባት አልፈለገችም። ሲፒዩውን ራሱ ተሸክሞ እስከ መናኸሪያ አደረሰላቸው፣ በብርድ ልብሷም በጥንቃቄ ጠቀለለላት። በመንገዱ ላይ አንድም ቅኔ አልተናገረም።

ሚኒባሱ ውስጥ ፋንታነሽ ይቅርታ ልትል ብትሞክር ቃሉ አልወጣ አላት። ተናደደች፣ በሽታሁንም በራሷም። ጽሑፉን ቀድማ አውጥታ አለመላኳ፣ በብርድ ልብስ ስትጠቀልለው ዕቃውን እንጂ ውስጡን አለማሰቧ አንገበገባት። እማሆይ በመስኮት እያዩ ተናገሩ።

«ስትጽፊልኝ ዳኛው እንዲያነበው ነበር» አሉ። «ዳኛው ሳያየው ሞጣ አየው።»



በማግስቱ ኮምፒውተሩን ገጣጥማ አበራችው። አልጠፋም። ቀኑን ሙሉ ሠራ፣ በማግስቱም ሠራ፤ ከተገዛ ጀምሮ እንዲህ ሠርቶ አያውቅም። ይህም አበሳጫት። ቢበላሽባት ኖሮ እንኳ ሽታሁንን በሙሉ አፏ ትረግመው ነበር። የእማሆይን አቤቱታ ጨረሰችው፤ ስለ ዱላው የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ላውጣው ብላ ጠየቀቻቸው። እማሆይ አሰቡና ይቆይ አሉ፤ አሁንማ ሰው ሰምቶታል፣ ዳኛውስ ለምን ይቅርበት። መዝገብ ቤት ገባላቸው፤ ቀጠሮም ተሰጣቸው።

ፋንታነሽ ግን ነገሩን በዚህ ልትተወው አልቻለችም። ለባለጉዳዮቿ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። የድንበሩ ባለጉዳይ ሳቀ፤ ሞጣ ድረስ ስሜ ከተነሣ ጉዳዬ ትልቅ ነው አለ። የውርሱ ባለጉዳይ ትከሻውን ነቀነቀና ሌላ ነገር አነሣ። ይርጋነሽ ዘንድ ለመሄድ ግን እግሯ ከበዳት። የይርጋነሽ ጽሑፍ ለሰው የማይነገር ነበር፤ ስትናገረው አልቅሳለች፣ ፋንታነሽም እየጻፈች አልቅሳለች።

ቤቷ ሄዳ ነገረቻት። ይርጋነሽ እህል እያበጠረች ነበር፤ ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ማን አነበበው?»

«የማያውቁሽ ልጆች ናቸው። ፊደል እየፈለጉ ነው እንጂ ነገሩን አላዩትም።»

«አንቺ ይህን በምን አወቅሽ?»

ይርጋነሽ ነጠላዋን ለብሳ ተነሣችና አብረው ሱቁ ድረስ ሄዱ። ወረቀቱን አሳትማ እንድትሰጣት፣ ከዚያም ከኮምፒውተሩ እንድታጠፋው ጠየቀቻት። ፋንታነሽ አተመችው፤ ከዚያ ይርጋነሽ እያየች ከኮምፒውተሩ አጠፋችው። ይርጋነሽ ወረቀቱን አጣጥፋ ከደረቷ ከተተችና አመሰገነቻት፤ ምስጋናው የወግ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይርጋነሽ በሱቁ በር ስታልፍ ሰላምታዋን አትነፍጋትም። ደኅና ነሽ ወይ ትላታለች፣ ስለ ፍሬም ትጠይቃለች። ፋንታነሽ በርጩማውን ወደ በሩ ገፋ ታደርግላታለች። ይርጋነሽ ግን ቸኩያለሁ ብላ ታልፋለች።