አርባ አንድ ሰዎች በእንግሊዝኛ ምን ይባላሉ?

1.

ሞብ።

አለቃዬ አቶ መንበሩ ቃሉን በቀይ እስክሪብቶ ጽፈው፣ ሁለት ጊዜ አስምረውበት፣ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«የአማርኛው ሪፖርት ‹መንጋ› ይላል። እንግሊዝኛው ይሄ ነው። እስከ ነገ ጠዋት ጨርሺው።»

ብርቄ እባላለሁ። የከተማችን ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ብቸኛ ተርጓሚ ነበርኩ።

2. የሆነው ነገር፣ ያለ ቅጽል

ማክሰኞ ማለዳ አርባ አንድ ሰዎች ጀሪካናቸውን ይዘው ውኃ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ቧንቧችን ከደረቀ ዘጠኝ ሳምንቱ ነበር። አርባዎቹ ሴቶች ናቸው። አርባ አንደኛው መምህር ልሳነወርቅ ናቸው፤ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ። እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ማንም አልጮኸም። ማንም ድንጋይ አላነሳም። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በመስኮት አዩ፤ ቆጠሩ፤ ስልክ አነሱ።

አርባ አንዱም ፖሊስ ጣቢያ ገቡ። ጀሪካኖቹም ገቡ። በኤግዚቢትነት።

የውኃ ፕሮጀክታችንን የሚደግፈው የውጭ ድርጅት ወሬው ደርሶት ኖሮ «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ጻፈ። በእንግሊዝኛ መልስ መስጠት የእኔ ሥራ ነው።

3. ከሰባተኛ ክፍል ደብተሬ

እንግሊዞች ለየስብስቡ የተለየ ስም አላቸው ብለው መምህር ልሳነወርቅ ያስጻፉን፦

ለከብት፣ ሄርድ።
ለበግ፣ ፍሎክ።
ለንብ፣ ስዋርም።
ለአንበሳ፣ ፕራይድ። ኩራት ማለት ነው።
ለቁራ፣ መርደር። ግድያ ማለት ነው። («ቁራ ማንን ገደለ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። «ስሙን ያወጣለት ቁራ አይደለም» አሉኝ።)
ለጉጉት፣ ፓርላመንት። እዚህ ላይ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ መምህሩ ተነሥተው በሩን ዘጉ።

ውኃ ለሚጠብቅ ሰው

ደብተሬ ላይ የለም።

4. ግልባጭ (ፖሊስ ጣቢያ፣ ረቡዕ፣ ስንቅ ይዤ እንደሄድኩ)

ሳጅን ቁምላቸው፦ ለማን ነው?

እኔ፦ ለመምህር ልሳነወርቅ።

ሳጅን፦ አሥራ ሁለተኛው ናቸው። እዚያ ጋ።

እኔ፦ አሥራ ሁለተኛ ማለት?

ሳጅን፦ ኧረ ተዪኝ እቴ! ሲያዙ በተራቸው ገቡ፤ ግቢው ውስጥም በተራቸው ተቀመጡ። ወይዘሮ ዘነበች አንደኛ ናት። ሽንት ቤት ስትሄድ እንኳ «ቦታዬን ጠብቂልኝ» ብላ ነው የምትነሣው። አሥራ ሦስት ዓመት ሳገለግል እንዲህ ያለ ሁከት አይቼ አላውቅም።

መምህር፦ ብርቄ! መጣሽ?

እኔ፦ ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? አቶ መንበሩ «ሞብ» ብለሽ ጻፊ አሉኝ።

መምህር፦ ከ«ሞብ» በኋላ ግሡ ነጠላ ነው ብዙ?

እኔ፦ ጋሼ፣ አሁን ይሄ ይጠየቃል?

መምህር፦ መልሺ እንጂ።

እኔ፦ እንደ አገባቡ ሁለቱም ይሆናል።

መምህር፦ ጎበዝ። አየሽ፣ የቆምነው አርባ አንድ ሆነን ነው፤ የታሰርነው ግን እንደ አንድ ሰው ነው። ወይዘሮ ዘነበች ቤቷ ውስጥ የአልጋ ቁራኛ እናት አለቻት። እሷን «ሞብ» ስትይ እናቲቱን ማን ያጥባት?

(ፍርፍሩን ከፍተው አንድ ጉርሻ እንኳ ሳይቀምሱ ወደ አሥራ አንደኛዋ አሳለፉት። እስከ አንደኛዋ ደረሰ። ምሳ ዕቃው ባዶውን ተመለሰ።)

5.

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጻፍኩት። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ ዕለት አርባ አንድ ነዋሪዎች፣ በሥርዓት ኪው ሠርተው፣ ውኃ ለማግኘት ተራቸውን ሲጠብቁ ነበር።»

አቶ መንበሩ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ቃኙት።

«ሞብ የታለ?»

«ኪው ብዬዋለሁ። ዘመናዊ አጠራሩ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ ዋሸሁ።

«ዘመናዊ ከሆነ ጥሩ» ብለው ፈረሙ። ማኅተም አደረጉበት።

6.

መልሱ ሰኞ መጣ። ድርጅቱ በከተማችን የኪው ባህል እጅግ ተደስቷል። ረቡዕ መጥቶ ሊያየው ይፈልጋል። ፎቶም ያነሣል።

«ብርቄ፣ ኪው ማለት ምንድን ነው?»

«ሰልፍ።»

አቶ መንበሩ ከወንበራቸው ተነሡ። «የተቃውሞ?»

«የተራ።»¹

ተቀመጡ። መሐረባቸውን አወጡ። ግንባራቸውን ጠረጉ።

«እና አሁን ሰልፉ የት ነው ያለው?»

«እስር ቤት።»

ስልክ አንሥተው ፖሊስ ጣቢያ ደወሉ።

«አስወጧቸው! ጀሪካናቸውንም ስጧቸው! እንዳይበተኑ ብቻ!»

¹ አማርኛ ለተቃውሞም፣ ለዳቦም፣ ለወታደርም አንድ «ሰልፍ» ነው ያለው። ስንፍናው ይሁን ብልሃቱ አላውቅም።

7. ረቡዕ

አርባ አንዱ ውኃ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። በዚያው ተራቸው። ቧንቧው በዘጠኝ ሳምንት ሳይሆን በአንድ ስልክ ተከፈተ። መጀመሪያ አስነጠሰ፤ ከዚያ ቀይ ውኃ ተፋ፤ ከዚያ ጠራ። ወይዘሮ ዘነበች እጇን ከሥሩ አድርጋ ቆየች እንጂ ጀሪካኗን ለመቅዳት አልቸኮለችም።

እንግዳዋ ረጅም ሴት ናት፤ የሁሉንም ስም አንድ በአንድ እየጠየቀች መዘገበች። መምህር ልሳነወርቅ ጋ ስትደርስ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻቸው፦ «ያለፈውን ሳምንት እንዴት አሳለፋችሁ?»

በከተማችን ከእሳቸው የተሻለ እንግሊዝኛ የሚናገር የለም። እሳቸው ግን በአማርኛ መለሱ።

«ተርጓሚ አለን። እሷ ትንገራት።»

አቶ መንበሩ ጆሮዬ ሥር፦ «ደህና ነን በያት። ደህና ነን።»

አርባ አንድ ሰው ወደ እኔ ዞረ። የውኃው ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ሳምንቱን የት እንዳሳለፉ በአንድ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ተናገርኩ። እንግዳዋ መጻፏን አቆመች፤ ቀና ብላ አቶ መንበሩን አየቻቸው። መምህሬ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ድሮ መልስ ሲያርሙ እንደሚያደርጉት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

8.

አርባ አንዱን ዳግም የነካቸው የለም፤ ስማቸው ሌላ አገር ተመዝግቦ ሄዷል። ውኃው እስከ ዓርብ ቆየ።

የእኔ ስንብት ሰኞ ደረሰኝ። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው እንግሊዝኛ አይሰማም፤ ቋንቋውን የሚያውቁትም ሊነግሩት አልደፈሩም። ስለዚህ ቦታውን ክፍት ተወው፦

«ሠራተኛዋ በእንግዶች ፊት ከኃላፊነቷ ውጪ የተናገረችው ቃል፦
____________________
በመሆኑ ከሥራ ተሰናብታለች።»