«ሰው የለም እንዴ?» ያለችው ሴት

አባቴ ከታመመ በኋላ መጀመሪያ የተናገረው ለእናቴ አይደለም፤ ለእኔም አይደለም። ለቴሌቪዥኑ ነው።

አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ያውም ጨዋታ አዋቂ። እናቴ «የዚህ ሰውዬ መቀስ ያርፋል እንጂ ምላሱ አያርፍም» ትል ነበር። አንዳንዱ ደንበኛ ፀጉሩ ሳያድግ የሚመጣው ለወሬው ነበር። ከዚያ ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁንና አንደበቱን አንድ ላይ ያዘበት። እጁ በእሽትና በእንቅስቃሴ ቀስ በቀስ እየተፍታታ መጣ፤ ምላሱ ግን እምቢ አለ። የምንለውን ሁሉ ይረዳል። መልሱ አፉ ጫፍ ድረስ ይመጣና እዚያው ይቀራል። ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ እኛም እንዳላየ ሰው እንሆናለን።

በዚያ ሰሞን አገር ምድሩ የሚያየው ተከታታይ ድራማ ነበር። በድራማው ውስጥ መልኳ የማይታይ አንዲት ጎረቤት አለች። አንድ ቀን ወንፊት፣ አንድ ቀን መሰላል፣ አንድ ቀን መዶሻ ልትዋስ ትመጣና ከግቢው በር ውጭ ቆማ «ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት?» ትላለች። ከዚያ ያለፈ ሚና የላትም። ቤተሰቡ እንዳልሰማ ዝም ይላል፤ ተመልካቹ ይስቃል። አንድ ምሽት እንደ ልማዷ ስትጣራ፣ አባቴ አልጋው ላይ እንደተደገፈ፣

«አለን!» አለ።

ጥርት ያለ ድምፅ ነበር፤ የሱቁ በር ላይ ብቅ ለሚል ደንበኛ የሚሰጠው መልስ። እናቴ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። «አንተ ነህ?» አለችኝ። አይደለሁም ብዬ አንገቴን ነቀነቅሁ። ከዚያ እሱን አየችው። እሱም እንደኛው ደንግጦ የገዛ አፉን በግራ እጁ ይዞ ነበር።

የንግግር ሕክምና የምትሰጠው ባለሙያ ስንነግራት ደስ አላት። «እንዲህ ያለው ቃል ታስቦ አይወጣም፤ ልማድ ነው የሚያወጣው» አለችን። «አንዱ ከወጣ ሌላውም መንገዱን ያገኛል።» እውነቷን ነበር። ከ«አለን» በኋላ «እሺ» መጣ፤ ከዚያ «ውሃ»፤ ከዚያ «ኤዲያ!»። ይቺ «ኤዲያ» ለብዙ ነገር አገለገለችው፦ ሾርባው ሲቀዘቅዝ፣ ዜናው ሲረዝም፣ እናቴ ትራሱን ለማስተካከል ስትነሳ። እኛ ቤት ቁጣ እንደ ምርቃት ተቆጠረ።

ድራማው አለቀ። ብዙ ሳይቆይ ሰዎች የተቀረጸበትን ቦታ እየሄዱ እንደሚጎበኙ ስልኬ ላይ አየሁና ፎቶውን አሳየሁት። አባቴ የግቢውን በር ሲያይ ስልኩን ከእጄ ወሰደው። ጣቱን በሩ ላይ፣ ቀጥሎ የራሱ ደረት ላይ አደረገ።

«መሄድ ትፈልጋለህ፣ አባዬ?»

«እሺ።»

«ቤቱን ልታይ?»

«ኤዲያ።»

«ሴትዮዋን? ልታመሰግናት?»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። እናቴ «ታዲያ ምን ችግር አለው፤ እኔ አመሰግንልሃለሁ» ስትል ጣቱን ከንፈሯ ላይ አድርጎ ዝም አሰኛት። ከዚያ ወደ ገዛ አፉ ጠቆመ። ምስጋናው በእሱ አፍ እንጂ በሌላ በማንም አፍ አይሆንም።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ከታመመ ወዲህ ለሕክምና ካልሆነ ደጅ ወጥቶ አያውቅም። ሰው መልስ እየጠበቀ አፍ አፉን ሲያየው አይችልም። ያን ያህል መንገድ ሄዶ፣ ሴትዮዋ ፊት ቆሞ ቃሉ ከቀረበት፣ ሁለተኛ ከቤት እንደማይወጣ እናቴም እኔም አውቀናል። እምቢ ብንለው ደግሞ ከእንግዲህ አይናገርም ብለን ተስፋ የቆረጥንበት ይመስለዋል። ስለዚህ ልምምድ ጀመርን።

ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ፦ «አመሰግናለሁ»። እናቴ እንደ ሽንኩርት ከተፈችው። ጉልበቱን በመዳፏ መታ መታ እያደረገች «አመ» ትላለች፣ «ሰግ» ትላለች፣ «ናለሁ» ትላለች። «አመ» ይወጣል። አንዳንድ ጠዋት «ሰግ» ይከተላል። ሙሉውን የተናገረው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም ጢሙን እየተላጨ ለመስታወቱ። እናቴ ከበሩ ኋላ ቆማ ስትሰማ ፎጣውን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፤ ብትጮህ ያስደነግጠዋል ብላ። በማግስቱ ትኬት ቆረጥን። እናቴንም አባቴ፣ እዚያ ስንደርስ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ በልጇ ስም አስማላት፤ መሐላውን ያስፈጸመው «እሺ?» እና «ኤዲያ» እያለ ነው።

ድራማው በተቀረጸበት ከተማ፣ አውቶቡስ ጣቢያው በር ላይ የድራማውን ወዳጆች እየጫነ የሚያዞር ባለ ታክሲ አገኘን። «ድጋሚ» ይሉታል። ድራማውን ስንት ጊዜ ደጋግሞ እንዳየው ራሱም አያውቅም፤ ደግሞ ንግግሩን ሁለቴ ካላለው የተናገረው አይመስለውም። አባቴን ደግፎ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠው።

«ይመችዎ ጋሼ፣ ይመችዎ።»

«እሺ» አለ አባቴ። እስካሁን ደህና ነን።

መጀመሪያ የወሰደን የድራማው ደግ ሐኪም ሰጥሞ የሞተበት ወንዝ ነው። እናቴ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«ወንዙ የታለ?»

«ያውልዎ እትዬ። ያውልዎ።»

«ይሄ? ይሄ እንኳን ሰው ሊያሰጥም እግር አያስታጥብም! ለዚህ ነው እኔ እንቅልፍ አጥቼ ያለቀስኩት?»

«ተንበርክኮ ነው የሰጠመው» አለ ድጋሚ በኩራት። «እዚችው ቆሜ አይቻለሁ። ተንበርክኮ፣ ከላይ በባልዲ እያፈሰሱበት። በባልዲ!»

የአባቴ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እናቴ ደንግጣ ወደ ፊት ተሳበች፤ ኋላ ነው የገባን። እየሳቀ ነው። ከታመመ ወዲህ ከሰው ፊት ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። ለዚያ ለቀጭኑ ወንዝ እስከ ዛሬ ክፉ አልናገርም።

ሐኪም ቤቱ የትምህርት ቤት ኮሪደር ሆኖ ተገኘ፤ ግድግዳው ላይ የማባዛት ሰንጠረዥ ተለጥፏል። ፍቅረኞቹ የተለያዩበት ባቡር ጣቢያ የሲሚንቶ መጋዘን ነው። የባንክ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ደግሞ የቤት ዕቃ መሸጫ ነው፤ ባለቤቱ «ወንበሩ ያው ራሱ ነው፣ ልጠቅልልላችሁ?» አለን።

«ታዲያ በዚህ ድራማ ውስጥ እውነት የሆነ ነገር የለም?» አልኩ።

«ቤቱ» አለ ድጋሚ። «ቤቱ እውነት ነው። ጎረቤቷም እውነት ናት።»

«ተዋናይ አይደለችም?»

«የምን ተዋናይ! የቤቱ ባለቤት ናት፣ ልብስ ሰፊ። ቤቷን ለቀረጻ ስታከራይ፣ ቀን ቀን እንዳትገቢ አሏት። እሺ ብላ ወጣች። በመጀመሪያው ቀን መነጽሯን ረስታ ተመለሰች። ሰው በተሰበሰበበት ዝም ብላ መግባቱን አፈረች፣ አፈረችና በገዛ በሯ ቆማ ‹ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት?› አለች። ውስጥ ተዋናዮቹ በትልቁ ልቅሶ መሃል ናቸው! ዳይሬክተሩ ‹ማናት እሷ?› ብሎ ጮኸ። ኋላ ግን የተቀዳውን ሲሰማ ሳቁ አልቆም አለው። በድራማው ክፍል ሁሉ ትጣራ፣ ትጣራ ተባለ።»

«በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆና!» አለች እናቴ።

አባቴ አልሰማንም። ፊት ለፊት እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። አመ። ሰግ።

በሩ በቴሌቪዥን ካየነው ያንሳል። በአንድ ወገን አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ካሜራው ያላየው ወገን እንደ ዛገ ነው። ልብስ ሰፊዋ ቀድማ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ኖሮ ከፍታ ጠበቀችን። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ነው። ከበስተኋላዋ ባለው ክፍል የስፌት መኪናዋና የተቆለለ የተማሪ ዩኒፎርም ይታያል።

«ግቡ፣ ግቡ። ፎቶ ከሆነ በዚህ በኩል ቁሙ፤ ያኛው ወገን ገና የሜካፕ ወረፋ አልደረሰውም» አለች።

ያ ድምፅ ነው። አባቴ ወዲያው አወቀው፤ ጀርባው ሲቀና አየሁ። ክንዴን ለቀቀና ብቻውን ሁለት እርምጃ ወደ እሷ ሄደ። እናቴ መሐላዋን ጠብቃ መሬት መሬት ታያለች።

«አመ» አለ አባቴ።

«አቤት፣ ጋሼ?»

«አመ…»

ልብስ ሰፊዋ ፈገግ ብላ ጠበቀች። ምን እንደምትጠብቅ አታውቅም። የአባቴ ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ግራ እጁ ጉልበቱን መታ መታ ያደርጋል፣ ልክ እናቴ እንደምታደርገው። «ሰግ» ልትመጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣችም። ድጋሚ ከታክሲው ወርዶ አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቴን ያያል።

«ውሃ ላምጣልዎ?» አለች ሴትዮዋ።

«ኤዲያ!» አለ አባቴ። እሷን አልነበረም፤ ራሱን ነው። ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ያን አዟዟር እናውቀዋለን፤ ወደ ግድግዳው የሚዞርበት ነው። እናቴ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች።

«ቆይ፣ ቆይ ጋሼ! እንዲህ ሆነው የት ሊሄዱ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ የአባቴን ኮት እጀታ ያዘች። መሃለኛው የኮቱ ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። ቀኝ እጁ ገና ስለማይጠነክር በግራው ብቻ እየጎተተ ሲቆልፈው ላልቶ ኖሯል። ያን ሁሉ መንገድ ስንመጣ እናቴም እኔም አላየነውም። አፉን ስናይ ነዋ የመጣነው።

«በዚህ ሁኔታ ከልብስ ሰፊ ቤት ሰው ወጣ ሲባል እኔ ምን እባላለሁ? ገበያዬን ሊዘጉት ነው? በሉ እዚህ ይቀመጡ።»

መልስ አልጠበቀችም። በርጩማ ስባ አስቀመጠችው፤ ራሷ ፊት ለፊቱ ተንበረከከች። መርፌዋን ከደረቷ ነቅላ፣ ክሩን በከንፈሯ አርሳ አሾልካ፣ ኮቱን ሳታስወልቀው መስፋት ጀመረች። እየሰፋች ታወራለች፤ ዓይኗ ከቁልፉ ላይ አይነሳም።

«አይንቀሳቀሱ ታዲያ፤ ከሸሚዙ ጋር አንድ ላይ እንዳልሰፋዎ። አንዴ አንዱን ሙሽራ እንዲህ አድርጌው፣ ማታ ኮቱን ቢያወልቅ ሸሚዙም አብሮ አልወጣ መሰለዎ! እስካሁን ሚስቱ ባየችኝ ቁጥር ትስቃለች። ምን ችኩል ሰው ነው ብላ ነበር አሉ።»

የአባቴ ትከሻ እንደ ወንዙ ዳር ተንቀጠቀጠ። «አይንቀሳቀሱ አልኩ እኮ!» አለችው። ክሩን በቁልፉ ሥር ጠመጠመች፣ ቋጠረች፣ ጎንበስ ብላ በጥርሷ በጠሰችው። ቁልፉን ቆልፋ ኮቱን በመዳፏ ቸብ አደረገችው።

«ይኸው። አሁን ሰው ሆኑ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ አባቴ።

«አብሮ ይስጠን» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ መርፌዋን ደረቷ ላይ መልሳ እየሰካች።

ከእሷ በቀር ሁላችንም ደርቀን ቀረን። «እግዜር ይስጥልኝ» ከሱቁ ወንበር ለተነሳ ሰው ሁሉ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲለው የኖረው ቃል ነው። «አመሰግናለሁ» ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ የመድረክና የመሥሪያ ቤት ቃል ነው፣ የኔ ቃል እንጂ የእሱ አልነበረም። የራሱ ምስጋና አፉ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚወጣበትን ሲጠብቅ ነበር። እኛ ቤት አንዲት ቃል ከወጣችው እናጨበጭባለን፣ እናለቅሳለን፣ ለሐኪሟ እንደውላለን። ይቺ ሴት ግን ለማንም ጤነኛ ሰው የሚመለሰውን መልሳ ሥራዋን ቀጠለች። የአባቴ ዓይን ከእሷ ላይ አልተነሳም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳስበው፣ ከቃሉ ይልቅ ያቺን መልስ ይመስለኛል የጠጣው።

«ተናገረ!» አለች እናቴ። «ተናገረ አይደል? እንግዲህ መሐላዬ ወረደ!» ከዚያ ማን ይቻላት። ስትሮኩን፣ አልጋውን፣ ድራማውን፣ «አለን»ን፣ ሽንኩርት የሆነውን ቃል፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። ድጋሚ «ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!» እያለ ፊቱን በኮፍያው ይጠርጋል።

ልብስ ሰፊዋ እንደተንበረከከች ሰማች። ሲያልቅ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው።

«እኔ እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ «መነጽሬን ልወስድ ነበር የመጣሁት።»

አባቴ አንገቱን ነቀነቀ፤ እጇን በግራ እጁ ያዘ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ እንደገና። አሁን አስቦበት ነው፤ ትንሽ ተጎተተ፣ ግን መጣ።

«አብሮ ይስጠን፣ ጋሼ።»

መነጽሯን አደረገች። ኮቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ የታችኛውን ቁልፍ ያዝ አድርጋ ሳብ፣ ሳብ አደረገችው። እንደ ሚስማር ጥብቅ ያለ ነው።

«ይሄም ላልቷል» አለች።

ባለ ታክሲው ድጋሚ «ኧረ ደህና ነው» ሊል አፉን ሲከፍት እናቴ በክርኗ ወጋችው። ልብስ ሰፊዋ አዲስ ክር አሾለከች። የታችኛውን ሰፍታ ቸብ አደረገችው፤ አባቴ አመሰገናት፤ መለሰችለት። የላይኛውን ሰፋች፤ አመሰገናት፤ መለሰችለት። ዩኒፎርሞቹ ተቆልለው ይጠብቃሉ፣ እሷ አልቸኮለችም። እጀታው ላይ ያሉትን፣ ለጌጥ ብቻ የተሰፉትን ትንንሾቹን እንኳ አልተወቻቸውም።