ፌስቡክ ላይ ያለችው ዘቢባ

ዘቢባ የግቢውን በር ስትከፍት አንዲት አቧራ የለበሰች ልጅ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ዘቢዬ! አገኘሁሽ፣ አልሐምዱሊላህ!»

ዘቢባ አላወቀቻትም። ጅቡቲ፣ አምቡሊ ሰፈር፣ መዳም ሐዲጃ ቤት ተቀጥራ መኖር ከጀመረች አምስት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እሷን ብሎ በር ያንኳኳ ሰው የለም።

«ማን ልበል?»

«ኑሪያ ነኛ! የገርባዋ፣ ጎረቤትሽ። ነይ አላልሽኝም እንዴ?»

ዘቢባ ከአገሯ ስትወጣ ኑሪያ ገና ልጅ ነበረች። አሁን ቁመቷ በልጧታል፤ እግሯ በመንገድ ብዛት ቆሳስሏል። ከውሃው ታንከር ጥላ ሥር አስቀመጠቻትና ውሃ ሰጠቻት። ኑሪያ ጠጥታ ስትጨርስ ስልኳን አውጥታ አሳየቻት።

ፎቶው የራሷ ነው። ለዒድ እዚሁ ጅቡቲ ሜኔሊክ አደባባይ አጠገብ ካለው ፎቶ ቤት የተነሳችው፣ ቢጫ ሻሽ ያሰረችበት። ከሥሩ «ዘቢባ ጅቡቲ» ይላል። ዘቢባ ግን ፌስቡክ ኖሯት አያውቅም። የያዘችው ስልክ ከመደወልና ከመቀበል በቀር ሥራ የሌለው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው።

«እዚህ ማን አመጣሽ?»

«ከሊፋ የሚባል ሰው ነው የተቀበለኝ። ዘቢባ ኦቦክ ወደብ ሆና ትጠብቅሻለች፣ በጀልባ አብራችሁ ትሻገራላችሁ አለኝ። እኔ ደግሞ ሳላይሽ አልሳፈርም ብዬ ጠፋሁበት። ፎቶሽን ሳሳይ አንዲት ሐበሻ አወቀችሽና እበሩ ድረስ አመጣችኝ።»

ከሊፋ ሲባል ዘቢባ ሁሉም ነገር ገባት። እሷንም ከአገር ያሻገራት እሱ ነው። የዒዱን ፎቶዎች ለእናቷ እንዲልክላት የሰጠችው ለሱ ነበር። ልኮላታል፤ ግን ለራሱም አስቀርቷል። በዚህ ጊዜ ደግሞ ከባሕሩ ማዶ ያለችው የመን ጦርነት ላይ ነበረች። ከሊፋ ሰው የሚያሳፍረው ወደዚያ ነው።

የተጻጻፉትን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረች። ንባቧ ቀርፋፋ ነው። አንድ ቦታ ላይ «አባትሽ ማረፋቸውን ስሰማ ቀኑን ሙሉ ሳለቅስ ዋልኩ» ይላል። የኑሪያ አባት መሞታቸውን ዘቢባ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው፤ በራሷ ስም ከተጻፈ ለቅሶ ላይ።

«አባትሽ ሞቱ?» አለች።

ኑሪያ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገም። ልጅቷ ስልኩን ጭኗ ላይ ጥላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ትንሽ ቆይታ፣ «እንድሪስም እኮ ሊመጣ ነው» አለች። «እኔን ነይ እንዳልሽኝ ሁሉ እሱንም ና ብለሽዋል። ማለቴ... ያችኛዋ።»

እንድሪስ የዘቢባ ታናሽ ወንድም ነው። ወዲያው ደወለችለት።

«እንድሪስ፣ የትም እንዳትሄድ! የምትጽፍልህ እኔ አይደለሁም። ሌላ ሰው ነው፣ ደላላ ነው!»

ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አጠገብሽ ናቸው አይደል?» አላት።

«እነማን?»

«አሠሪዎችሽ። በስልክ ሳወራ ቆመው ስለሚሰሙ እውነቱን መናገር አልችልም፣ የምጽፍልህን ብቻ እመን ብለሽኝ የለ? አይዞሽ እታለም፣ ገብቶኛል።»

ስልኩ ተዘጋ። መልሳ ብትደውል፣ ኑሪያም በራሷ ስልክ ብትሞክር አላነሳም።

ከሊፋ እሷን መስሎ ከመጻፉ ይልቅ ያቃጠላት ይኼ ነው። የገዛ ድምፅዋን ከወንድሟ ጆሮ አስቀድሞ ዘግቶባታል።

ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ስልክ የሚጠግን ጀላሉዲን የሚባል የድሬዳዋ ሰው አለ። ሐበሾቹ ሁሉ ስልክ ሲበላሽባቸው እሱ ጋ ነው የሚሄዱት። ዘቢባ ከመዳም ሐዲጃ ፈቃድ ጠይቃ ኑሪያን ይዛ ሄደች። ጀላሉዲን ገጹን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ማስዘጋት ይቻላል። ግን አንቺ መሆንሽን በመታወቂያ አረጋግጪ ይሉሻል። ፓስፖርትሽ የታለ?»

«መዳም ጋ ነው።»

ጀላሉዲን ራሱን ነቀነቀ። «ፊትሽ ከሊፋ ጋ፣ ፓስፖርትሽ መዳም ጋ። አንቺ ጋ ምን ቀረ እህቴ?»

ዘቢባ ኑሪያን ይዛ ወጣች። ተመልሳ ወደ አምቡሊ ሄደች።

መዳም ሐዲጃ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደመወዝ አታስቀርም፣ እጇንም አታነሳም። ፓስፖርቱን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች። የሚነጋገሩት በዐረብኛ ነው። ዘቢባ ፓስፖርቱን እንድትሰጣት ጠየቀቻት።

«ምን ሊያደርግልሽ ፈለግሽው?»

«እኔ መሆኔን ላሳይበት ነው።»

«አንቺ መሆንሽን እኔ አውቃለሁ።»

«እርስዎ ቢያውቁኝ ምን ያደርጋል መዳም? ያላወቀኝ ወንድሜ ነው» አለችና ነገሩን ሁሉ በተሰባበረ ዐረብኛዋ ነገረቻት። ለአምስት ዓመት በዚያ ቤት ውስጥ ያን ያህል ተናግራ አታውቅም።

መዳም ሐዲጃ ከበሩ አጠገብ የቆመችውን የኑሪያን እግር አየች። ከዚያ ገብታ ፓስፖርቱን አመጣች። «ስትጨርሺ ትመልሺልኛለሽ» አለች።

ወደ ሱቁ ሲመለሱ ጀላሉዲን ፓስፖርቱን ፎቶ አንስቶ አቤቱታውን ላከላት። «ይኼ ጊዜ ይወስዳል። ወንድምሽ ግን አይጠብቅም፤ ስለዚህ የራስሽን ገጽ እንክፈት» አለ። ያገለገለ ስልክ በዱቤ ከመደርደሪያው አወረደላትና ስሟን እንድትጽፍ አደረገ። ፓስዎርድ የሚጠይቀው ጋ ሲደርሱ ስልኩን ለሷ ሰጥቶ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ጻፊ። ለእኔም ቢሆን እንዳትነግሪኝ።»

ዘቢባ ብዙ ቆየች። የምትተኛበት ክፍል ቁልፍ የለውም፤ ሻንጣዋንም የቤቱ ልጆች ሲያሰኛቸው ይከፍቱታል። ማንም የማያውቀው የራሷ ነገር ምን እንደሚመስል ረስታዋለች። በመጨረሻ ፊደል በፊደል ጻፈችው።

ከዚያ ሱቁ በር ላይ፣ በጠራራው ፀሐይ ኑሪያን አጠገቧ አቁማ ቪዲዮ ተቀረጸች። «እኔ የገርባዋ ዘቢባ ነኝ። የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ማንንም ና ብዬ አላውቅም» አለች። ኑሪያም የደረሰባትን ጨመረች። ላኩለት።

እንድሪስ ራሱ ደወለ። ሰላምታ እንኳ አልሰጣትም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከቤት የወጣሽ ለት ምን ነበር ያልሽኝ?»

ዘቢባ ግራ ገባት። «ምን እልሃለሁ? ተኝተህ ነበር እኮ። እንዳልቀሰቅስህ ብዬ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የወጣሁት።»

«ያችን ስጠይቃት» አለ፣ «ግንባርህን ስሜ፣ እናታችንን አደራ ብዬህ ነበር አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ተኝቼ እንደነበር አውቃለሁ። ግን ምናልባት በእንቅልፌ ብላኝ ይሆናል ብዬ... ነገ ልነሳ ነበር እታለም።»

ዘቢባ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

እንድሪስ ከመንገዱ ቀረ። ኑሪያ ቁስሏ እስኪሽር መዳም ሐዲጃ ቤት ሰንብታ፣ ወደ አገር ከሚመለሱ ሴቶች ጋር በድንበሩ ከተማ በደወሌ በኩል ገባች። «ዘቢባ ጅቡቲ» የሚለው ገጽ ከሳምንታት በኋላ ጠፋ። ጀላሉዲን ግን ደስታዋን አላጋነነላትም። ከሊፋ የሌላ ልጅ ፎቶ እንደማያጣ ነገራት። ዘቢባም ቪዲዮዋን ከገጿ ላይ አላነሳችውም፤ የማታውቃቸው ልጆች እየጻፉ ይጠይቋታል፣ እሷም በቀርፋፋ ጣቷ ትመልስላቸዋለች።

ፓስፖርቱን መዳም ሐዲጃ ቪዲዮው በተላከ ማግስት ጠይቃት ነበር።

«እኔ ጋ ይሁን መዳም። የምሄድ ዕለት ነግሬዎት ነው የምሄደው።»

መዳም ተኮሳትራ ሰነበተች፤ ነገሩን ግን ሁለተኛ አላነሳችባትም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እናቷ በእንድሪስ ስልክ ደወሉ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ተጨዋወቱ። መጨረሻ ላይ እናትየው ትንሽ አመነቱና፣ «አትቆጪኝ እንጂ፣» አሉ፣ «ያ ውሸታም የሚጽፈውን እንድሪስ ሲያነብልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ምን እንደበላሽ፣ ምን እንዳሰብሽ፣ እኔ በሕልምሽ እንደመጣሁ... አንቺ እኮ ደህና ነኝ ብለሽ ትዘጊዋለሽ።»

ዘቢባ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። ክፉው ሰው ያንን ከየት አመጣው? እናት መስማት የምትፈልገውን ያውቃል፤ እሷ ግን ልጃቸው ሆና አልነገረቻቸውም። ደህና ነኝ ብቻ የምትለው እንዳይከፋቸው ብላ ነበር።

«እሺ እማ» አለች። «እንድሪስ ያንብብልሽ፣ እጽፍልሻለሁ።»

ልብስ አስጥታ ስትጨርስ ጥላው ውስጥ ተቀመጠችና ስልኩን ከፈተች። አውሮፕላን ከአምቡሊ አየር ማረፊያ ተነስቶ በላይዋ አለፈ። ድምፁ እስኪርቅ ጠብቃ፣ «እማ፣ እዚህ ሙቀቱ ከባድ ነው። ትናንት ደክሞኝ አለቀስኩ» ብላ ጀመረች።