የጓደኝነት ዶክተር

ጓደኛ የሌላት አንዲት ሴት ስለ ጓደኝነት ታጠና ነበር። ይህን ቀልድ ያወጣችው ታላቅ እህቷ ናት። ተመራማሪዋ ግን ሰው ሳይቀድማት በራሷ ላይ መቀለድ ስለሚቀላት፣ ስብሰባ ላይ ንግግሯን በዚሁ መክፈት ለመደች። ሰው ይስቃል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ከዚያ ሁሉም ከየወዳጁ ጋር ለምሳ ሲቀመጥ፣ እሷ ሳህኗን ታቅፋ ባዶ ወንበር ትፈልጋለች።

እህትየዋ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። ማታ ማታ ተመራማሪዋ ኮምፒውተሯ ላይ ተደፍታ ስታገኛት፣ «የጓደኝነት ዶክተር፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ትላታለች። ክፋት የለባትም። እውነት ግን አለባት፤ ተመራማሪዋን የሚያሳክካትም እሱ ነው።

ጥናቱ ኦቲዝም ያላቸው ታዳጊዎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚግባቡ የሚመለከት ነበር። ምንጣፍ በለበሰች ጠባብ ክፍል ውስጥ የማይተዋወቁ ሁለት ልጆች ይገባሉ። ከእንጨት የተሠሩ ትንንሽ ቦዮች ይሰጧቸዋል፤ ቦዮቹን ገጣጥመው ብይ ከላይ እስከ ታች እንዲንከባለል ማድረግ ነው ሥራቸው። ተመራማሪዋና ረዳቷ ከአንዱ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት ጀርባ ተቀምጠው ይቆጥራሉ። ስንት ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ? ስንት ጊዜ ተጠያየቁ? ስንት ጊዜ ፈገግ ተባባሉ? መለኪያውን ያወጣችው ራሷ ናት። ዓመታት ፈጅቶባታል፤ እንደ በኩር ልጅ ነው የምትሳሳለት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአናጺ ልጅና የልብስ ሰፊ ልጅ ተጣመሩ። የአናጺው ልጅ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ተመራማሪዋ በመጀመሪያው ቀን «ዘና በይ፤ አንቺ በይኝ» ስላለቻት፣ አባቷ በድንጋጤ ቢቆጣትም «አንቺ» ከማለት ንቅንቅ አላለችም። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ደግሞ በዓመት የሚያንሳት ወንድ ነው። እናቱ ታላቅን «እርስዎ» በል ብላዋለችና፣ ተመራማሪዋ ብትለምነውም አልሰማም።

ሁለቱ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም። ልጅቷ ቦዮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ልጁ ጀርባውን ሰጥቷት ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። በየፊናቸው መገጣጠም ጀመሩ። ከመስታወቱ ጀርባ የረዳቷ እስክሪብቶ ወረቀት ሳይነካ ቀረ።

«ምንም የለም» አለ ረዳቷ።

«እንታገስ» አለች እሷ። ራሷ ግን አልታገሠችም። ማንም ወደ ክፍሉ እንዳይገባ ደንብ ያወጣችው እሷ ናት። የገባችውም እሷ ናት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ? በመታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት የተለማመደችውን ፈገግታ ለብሳ ገባች።

«እንዴት ነው ጨዋታው?»

«ቆሟል» አለች ልጅቷ፣ ቀና ሳትል።

«ምነው? ለምን ቆመ?»

«አንቺ ስለገባሽ።»

ልጁ ነገሩን ሊያለዝብ የፈለገ ይመስላል፤ ፊቱን ሳያዞር «እርስዎ ከወጡ ይቀጥላል» አለ።

ወጣች። ስትወጣ እግሯ ምሰሶ ሆኖ የቆመውን እንጨት ገፋውና የቦዩ ግማሽ ተንኮታኩቶ ወረደ። ልጆቹ አልጮኹም። ፍርስራሹን አዩት፤ ከዚያ በሩን አዩት፤ እስኪዘጋ ጠበቁ። ከመስታወቱ ጀርባ ስትመለስ ረዳቷ በጨዋነት ጣሪያውን ይመለከት ነበር።

ሰዓቱ ከማለቁ በፊት ብዩ ከላይ ተነሥቶ ታች ደረሰ። ልጁ እጆቹን አርገበገበ፤ ልጅቷ ዝቅ ባለ ድምፅ አንጎራጎረች። በመለኪያው መሠረት ያገኙት ነጥብ ከባዶ እምብዛም አይሻልም። ተመራማሪዋ «የከሸፈ» ብላ ለማስመዝገብ እያሰበች ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ወላጆቹ አግዳሚው ላይ ጫፍና ጫፍ ተቀምጠዋል። ልጅቷ አባቷ ፊት ቆመችና «ነገም ከእሱ ጋር እመጣለሁ» አለች።

«ከማን ጋር?»

«ከልጁ።»

አናጺው ባርኔጣውን አወለቀ። «ዶክተር፣ ይህች ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ሰው ፈልጋ አታውቅም። ምን አደረጋችሁላት?»

«ምንም አላደረግንም» አለች ተመራማሪዋ። ውሸት አይሆንላትም። «እንዲያውም የሠሩትን አፈረስኩባቸው።»

ልብስ ሰፊዋም ተነሣች። ልጇ እጅጌዋን ይዞ ነገ በስንት ሰዓት እንደሆነ ደጋግሞ ይጠይቃታል። «ስልካቸውን ቢሰጡን ዶክተር?» አለች።

ተመራማሪዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። የአንዱን ተሳታፊ አድራሻ ለሌላው አሳልፎ መስጠት የምርምር ሥነ ምግባር እንደማይፈቅድ፣ ጉዳዩ ለኮሚቴ መቅረብ እንዳለበት፣ ኮሚቴው ደግሞ ቶሎ እንደማይሰበሰብ አብራራች። ይህን ሁሉ የምትናገረው በሁለቱ ወላጆች መሃል ቆማ ነው። አናጺው በትከሻዋ ላይ አሻግሮ «እህቴ፣ እስቲ ቁጥርዎን ይንገሩኝ» አለ። ሴትየዋ ነገረችው። ተመራማሪዋ ደንቧን ይዛ እንደ በር መቃን ተገትራ ቀረች።

በማግስቱ የክፍሉ ካሜራ የቀረጸውን ቪዲዮ ከረዳቷ ጋር እንደገና አየችው። አሁን ለመቁጠር ሳይሆን ለማየት ብቻ ተቀመጠች። ልጁ የታጠፈ ቦይ ባገኘ ቁጥር፣ ሳይዞር ወደ ኋላው ያቀብላል፤ የልጅቷ እጅ ቀድሞ እዚያ ተዘርግቷል። ብዩ ሲሰነቀር ልጅቷ ጠረጴዛውን ቆርቆር ታደርጋለች፤ ልጁ ቦዩን ከሥር ከፍ ያደርግላታል። ያ ሁሉ ከፈረሰ በኋላ ልጁ መጀመሪያ ያነሣው የራሱን ሳይሆን የእሷን ወገን ነበር።

«ይሄ የት ይመዘገባል?» አለ ረዳቷ።

«የትም።»

«መለኪያው ለዚህ ቦታ የለውም ማለት ነው?»

«መለኪያው የሚለካው እኔ ጓደኛ ለመያዝ ስሞክር የማደርገውን ነው» አለች። ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ «ውጤቱን ደግሞ እናውቀዋለን።»

ለማረጋገጥ ራሷን ለካች። በዚያው ሳምንት ለጡረተኛ ባልደረባቸው የሽኝት ምሳ ነበር። ያገኘችውን ሁሉ ዓይን ዓይኑን አየች፤ ስለ ልጆቹና ስለ ወገብ ሕመሙ ጠየቀች፤ ጉንጯ እስኪዝል ፈገግ አለች። በመለኪያዋ ከተለካ፣ የዕለቱ ተወዳጅ ሰው እሷ ናት። ቤቷ ገብታ ከነጫማዋ ሶፋው ላይ ተዘረረች።

«እንዴት ነበር?» አለች እህቷ።

«አንደኛ ወጣሁ።»

«ታዲያ ማን ሸኘሽ?»

«አውቶቡስ።»

የክፍሉ ኃላፊ ነገሩ አልጣመውም። «ይህን ያህል ዓመት የለፋሽበትን መለኪያ ልትጥይ ነው?» አላት። ልጥለው አይደለም፤ እነዚህን ልጆች ግን አይለካም፣ አለችው። ስለ መለኪያው ጽፋ ለኅትመት የላከችው ጽሑፍ እንዲመለስ ጠየቀች። ልትናገርበት በነበረው ጉባኤ ላይ ሌላ ሰው በእሷ ቦታ ቆመ። ባልደረቦቿ ከንፈራቸውን ሲመጥጡላት፣ ጓደኛ የማጣትን ቀልድ ልትናገር ጀመረችና መሃል ላይ ተወችው።

ቀጥሎ ያደረገችው መጀመሪያ ልታደርገው የሚገባትን ነው። በኮሚቴውም በወላጆቹም ፈቃድ ሁለቱን ልጆች ለአማካሪነት ጠራቻቸው። ቪዲዮውን አሳየቻቸው፤ ምን እንደምትቆጥርም ነገረቻቸው። ልጅቷ እስከ መጨረሻው አየችው።

«ደስ ብሎን እንደሆነ ለምን አልጠየቅሽንም?»

ተመራማሪዋ ስለ ተጨባጭነት፣ ስለ አድልዎ የምትለው ሞልቷት ነበር። «አላሰብኩትም» አለች በመጨረሻ። «ደስ ብሏችሁ ነበር?»

«በጣም» አለች ልጅቷ።

«እርስዎ ካፈረሱት በስተቀር» አለ ልጁ።

አዲሱ ጥናት ገና አላለቀም። እየተጓተተ ነው፤ ልጆቹ ግን ማንንም አልጠበቁም። ቅዳሜ ቅዳሜ በአናጺው ወርክሾፕ ይገናኛሉ፤ ቦያቸው ከግድግዳ ግድግዳ ደርሷል። አንድ ቅዳሜ ተመራማሪዋንም ጠሯት። ለጥናት አይደለም፤ ነይ ብለው ነው የጠሯት፤ ለምን እንደሆነ አልነገሯትም፣ እሷም አልጠየቀችም።

መሬቱ ላይ የወዳደቀ ፍቅፋቂ አለ፤ የሙጫ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ዝም ለማለት ቆርጣ ነው የመጣችው። ግን ስለ እንጨቱ ዓይነት ጠየቀች፤ ስለ አየሩ አወራች፤ ራሷ ጠይቃ ራሷ መለሰች።

«እርስዎ የሚያወሩት ሲጨንቅዎት ነው?» አለ ልጁ፣ መጋዙን እያስቀመጠ።

«አዎ» አለች።

«እሺ።»

ልጅቷ ምስማር የሞላበት ጣሳ አምጥታ ጭኗ ላይ አኖረችላት፤ በየመጠኑ ይለይ ማለቷ ነው። ተመራማሪዋ መለየት ጀመረች። ረጅሙን ካጭሩ እየቀላቀለች ጥቂት እንደሄደች፣ ልጅቷ አጠገቧ ቁጢጥ አለችና የተሳሳቱትን እየለቀመች ወደየቦታቸው መለሰች። ተመራማሪዋ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው፤ ሌላ ምስማርም አነሣች።