የዋርካው ሥር ችሎት

ባላምባራስ ሙሉአለም ከኮሪያ ዘመቻ ሲመለሱ ጃፓን አገር ያዩት የመጫወቻ ስፍራ ከልባቸው አልወጣ አለ። እዚያ ሰው እየከፈለ በእንጨት ፈረስ ይሽከረከራል፤ የአያቶቹን ዘመን ልብስ ለብሶ በአሮጌ ቤቶች መካከል ይዘዋወራል። እኔስ ለምን ሞጣ ላይ አልሠራም ብለው ከከተማው ዳር ትልቅ ዋርካ ያለበትን መሬት ያዙ። ሃምሳዎቹ ሲጋመሱ ሥራው አለቀ፤ ስሙንም «የጥንት ሰፈር» አሉት።

በገበያ ቀን ከቢቸና ሳይቀር ሰው ይመጣል። በበሬ እየተጎተቱ የሚዞሩ የእንጨት በቅሎዎች አሉ። ገለባ የተጎሰጎሰባቸው ዘበኞች ጋሻ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ከሁሉ የሚወደደው ግን የዋርካው ሥር ችሎት ነበር። እንደ ድሮው ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው ይቀርባሉ፤ ባላምባራስ ካባ ደርበው ይፈርዳሉ፤ ሰው ይስቃል። ቦታው ቀድሞ በእውነት ችሎት ይዋልበት እንደነበር ሽማግሌዎች ነግረዋቸው ስለነበር፣ ይህንኑ ለመጣው ሁሉ በኩራት ያወሩ ነበር።

ባንቺዓለም የቢቸና ልጅ ናት፤ እዚያው ታስተምራለች። ባሏ ገብረ ኪዳን ነው ካላየነው ብሎ ያመጣት። እሱ በቅሎው ላይ ወጥቶ መዞር ሲጀምር እሷን ማየቱ ብቻ ራሷን አዞራትና ወደ ዋርካው ጥላ ሄደች። የችሎቱ አጋፋሪ ጓዴ ተቀበላት።

«የሚቆራኝሽ ሰው ፈልጌ ልምጣ፤ እዚህ ቁጭ በይ» ብሏት ወደ በሩ ሄደ።

ሥሩ ላይ ተቀምጣ ባሏን ስታይ ነጠላዋ ሳብ ሲል ተሰማት። ዞር አለች። አንድ ሽማግሌ አጠገቧ ተቀምጧል፤ የጋቢው ጫፍ ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ተቋጥሯል። ሲመጣም ሲቋጥርም አልሰማችም። በቅጠሉ መካከል የሚያልፈው ፀሐይ ጭኗ ላይ ይወዛወዛል፤ እሱ ላይ ግን አያርፍም።

«ዳኛው ዛሬ ይውላሉ?» አላት።

ባላምባራስ የቀጠሩት ተጫዋች መስሏት ፈገግ አለች። «ይውላሉ መሰለኝ። ክሳችን ምንድን ነው አባቴ?»

«የወንዙ ዳር እርሻ ነዋ። ወልደ ሰንበት የነጠቀኝ።»

ፈገግታዋ ከፊቷ ጠፋ። ወልደ ሰንበት የአባቷ አያት ነው። የወንዙ ዳር እርሻም ዛሬ የአባቷ ነው፤ ከፊሉ ባለፈው ዓመት ለእሷ ደርሷታል።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ሣህለ ማርያም። ከቢቸና እዚህ ድረስ ተቆራኝተን መጣን። ዳኛው ዘመቻ ወጥተው ነበርና ጠብቁ ተባልን። እኔ ንዳድ ይዞኝ ስወድቅ ወልደ ሰንበት ቋጠሮውን በቢላ ቆርጦ ሄደ። ተሸናፊው ያልመጣው ነው ብሎ ርስቴን ያዘ።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «እኔ ግን ሳይፈረድልኝ ወዴት እሄዳለሁ?»

ባንቺዓለም ቋጠሮውን ለመፍታት ሞከረች። ጨርቁ እንደ ጠፍር ደርቋል፤ ጥፍሯ ተሰበረ። ባሏን ተጣራች፤ በሰዉ ጫጫታ መካከል አልሰማትም።

በዚህ መሀል ባላምባራስ ካባቸውን ደርበው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ጠሯት። ተነሣች፤ ሽማግሌውም አብሯት ተነሣ።

«እሜቴ፣ ብቻሽን ነው የመጣሽው? ከሳሽሽ የታለ?» አሉ እየሳቁ። የከበባቸውም ሰው ሳቀ።

ባንቺዓለም ወደ ጎኗ አየች። ሣህለ ማርያም አንገቱን ደፍቶ፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«አለ» አለች። «እርሻው የእሱ ነው። ቅድመ አያቴ ያለ ፍርድ ነው የወሰደው። ይፍረዱለት።»

ባላምባራስ ጨዋታውን ወደዱት። በትራቸውን መሬት ላይ መትተው፣ «ለከሳሽ ፈርጃለሁ» አሉ።

ነጠላዋ ላላ። የተጨማደደው ጫፍ በደረቷ ላይ ወደቀ። አጠገቧ ማንም አልነበረም። ጓዴ ገና አንድ ጎረምሳ ይዞ ከበሩ እየመጣ ነበር።

ቢቸና ስትገባ አባቷን ስለ ሣህለ ማርያም ጠየቀቻቸው። አባቷ የጨበጡትን ዋንጫ ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ይህን ስም ማን ነገረሽ?» አሏት።

የሣህለ ማርያም የልጅ ልጆች ያንኑ እርሻ ለአባቷ በእኩል የሚያርሱ ሰዎች ሆነው ተገኙ። ባንቺዓለም የደረሳትን በሽማግሌ ፊት መለሰችላቸው። አባቷ እስኪሞቱ ድረስ አላነጋገሯትም፤ ገብረ ኪዳንም ለብዙ ጊዜ አኩርፏት ኖረ። እሷ ግን አንድም ቀን አልተጸጸተችም።

የጥንት ሰፈር ዓመቱን አልዘለቀም። ባላምባራስ በቅሎዎቹን ሸጡ፤ ዘበኞቹን አቃጠሉ፤ በሩን ዘጉ። ጓዴ ለምን እንደሆነ ቢጠይቃቸው፣ «ባለጉዳይ በዝቶብኛል» አሉት። ግቢው ግን ባዶ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ባንቺዓለም ለፈተና ጉዳይ ሞጣ ሄዳ በአጥሩ በኩል አለፈች። ባላምባራስ ዋርካው ሥር ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ካባው ተቀዳዷል፤ ጺማቸው አድጓል። ጆሯቸውን ወደ አንድ ወገን አዘንብለው ያዳምጣሉ፤ ቀጥሎ ወደ ሌላው ወገን ዞረው ያዳምጣሉ። እጅ ነሥታ ሰላም ስትላቸው ቀና ብለው በሐዘን አዩዋትና፣ ዝም በይ ለማለት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።