ከፊት ወንበር በላይ ያለው ኮርኒስ

1.

እንደገና ወረደ።

2.

ምኑ ነው የወረደው ለሚለኝ፦ የመኪናዬ ኮርኒስ። ከጣሪያው ሥር የተለጠፈው ግራጫ ጨርቅ ማለቴ ነው። መኪናዋ ጀርመን ሠራሽ፣ ጥቁር፣ የሃያ ስድስት ዓመት ናት። በደጉ ዘመኗ የአንድ መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ ይንፈላሰስባት ነበር። ወንበሮቿ ቆዳ ናቸው፤ በሮቿ ላይ ያለው እንጨት እውነተኛ እንጨት ነው። ጨርቁ ግን ሆዱን ጥሎ ተንጠልጥሏል። ሌላውን ቦታ እንደምንም አስይዤዋለሁ። አንድ ቦታ ብቻ እምቢ ብሎኛል፤ እሱም ከፊት ወንበር በላይ፣ ባለቤቴ የምትቀመጥበት።

3.

አንድ ጨርቅ ይህን ያህል ለምን ያናድድሃል እንዳትሉኝ ልንገራችሁ።

ባለቤቴ የውብዳር ደብረ ብርሃን፣ እህቷ ቤት ከገባች ሦስት ወሯ ነው። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። በመጨረሻ አጎቷ ጋሽ ፈንታሁን ፈረዱ፦ እሑድ ራስህ ትሄዳለህ፣ በዚያችው መኪና፣ ከፊት አስቀምጠህ ታመጣታለህ፤ እኔ አብሬህ ሄጄ ከኋላ እቀመጣለሁ አሉ። ሽማግሌ ከኋላ፣ ሚስት ከፊት። እንዲህ ያለ ፍርድ ሰምቼም አላውቅ። ይህም ካልሆነ ሦስተኛ አንመላለስም ብለው ተነሱ።

ዛሬ ረቡዕ ነው።

4.

ስለ ቁጥሮቹ። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ነገር ካልቆጠርኩ አይገባኝም። የማይወድ ሰው ቁጥሩን እየዘለለ ያንብብ።

5.

እስካሁን የተሞከረ፦

ቅዳሜ። መርፌ ቁልፍ፣ አሥራ አንድ። ቀጥ ብሎ ያዘ። ቀለበት መንገድ ላይ አንዱ ተፈትቶ አንገቴ ውስጥ ገባ።

ሰኞ። ማስቲሽ። ሰፈራችን ያለው ጫማ ሰፊ በቆርቆሮ ሰጠኝ፤ እኔው ቀባሁ፣ እኔው ለጠፍኩ። እስከ ቀትር ቆየ። ፀሐይ ጣሪያውን ስትመታው ያ ቦታ ተላቀቀ፤ ማስቲሹም እጅጌዬ ላይ ቀረ።

ረቡዕ። ማስቲሽ እንደገና፣ በብዛት።

ቁጥር 1ን ይመልከቱ።

6.

ለምን እንደሄደች እዚህ ነበር መጻፍ ያለበት።

ይለፈን።

7.

ራስህ ልትሠራው ካሰብክ እንዲህ አድርግ።

የፀሐይ መከላከያዎቹን ፍታ። መብራቱን ፍታ። የእጅ መያዣዎቹን ፍታ። ብሎኖቹን አንድ ሰሃን ላይ አስቀምጥ፤ ሰሃኑን አትርገጠው። እኔ ረግጬዋለሁ።

ጨርቁ የተለጠፈበትን ሰሌዳ ሳትሰብር በኋላ በር አውጣ። ጨርቁን ግፈፍ። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ዱቄት ሆኖ ዓይንህ ውስጥ ይገባል። በብሩሽ ጥረግ። ማስቲሹን ሰሌዳውም ጨርቁም ላይ ቀባ። ጣትህ ላይ መጣበቁን እስኪተው ጠብቅ።

ጠብቅ።

እኔ ያልጠበቅኩት ይህን ነው። በእርጥቡ ለጠፍኩት። ሲነግሩኝ ለካ ሌላው ቦታ የያዘልኝ በዕድል ነው።

8.

ሐሙስ ሶማሌ ተራ ሸምሱ ዘንድ ወሰድኳት። ሸምሱ የመኪና ወንበርና ኮርኒስ ሲያለብስ የኖረ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። የሠራሁትን አየና ማን ነው እንዲህ ያደረገው አለኝ። አንድ የማላውቀው ሰው ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ሰሌዳውን አውጥቶ በር ላይ አጋደመው። ከዚያ በኋላ የተባባልነውን በለመድኩት መንገድ አስፍሬዋለሁ።

9.

ቃለ ጉባኤ

ቦታ፦ የሸምሱ ሱቅ በር

የተገኙ፦ ሸምሱ፤ እኔ

አጀንዳ፦ ያ ቦታ ለምን አይዝም

ሸምሱ፦ ጋሼ፣ እዚህ ጋ ምን ነክቶት ነው?

እኔ፦ ዝናብ ይሆናል።

ሸምሱ፦ (አሸተተው) ዝናብ እንዲህ አይሸትም። ቅቤ ነው። የራስ ቅቤ።

እኔ፦ (እኔም አሸተትኩት)

ሸምሱ፦ ቅቤ የጠጣ ቦታ ማስቲሽ አይዝም። መቶ ጊዜ ቢለጥፉት መቶ ጊዜ ይወርዳል።

እኔ፦ ታዲያ ኮርኒሱን ያበላሸው ቅቤው ነዋ።

ሸምሱ፦ ኧረ አይደለም። ከኋላ ማን ቅቤ ተቀብቶ ተቀመጠ? እዚያም ወርዶ ነበር እኮ። ስፖንጁ አርጅቶ ነው ጋሼ። ቅቤ ነካውም አልነካውም ጊዜው ደርሶ ነበር።

(ጸሐፊው ተነስቶ ራቅ ስላለ ቃለ ጉባኤው እዚህ ላይ ተቋርጧል።)*

* ሸምሱ ማን እንደምትቀመጥበት አልጠየቀም። ሻይ አዘዘልኝ።

10.

ቅቤው ሰሌዳው ላይ የሰሃን አፍ የሚያህል ክብ ሠርቷል። ጠጋ ብዬ አየሁት። ልክ አናቷ የሚነካበት ነው። ስትስቅ ራሷን ወደ ኋላ ጣል የምታደርግበት ቦታ። አሥራ አራት ዓመት አጠገቤ ተቀምጣ፣ ክቡ በትንሽ በትንሹ ሲሰፋ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም ነበር።

ቀና ብዬ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱ ቀን ቁጥር 6 ነው።

6.

የእህቷ ልጅ ሠርግ ነበር። የውብዳር ሹሩባ ተሠርታ፣ ቅቤ ተቀብታ፣ ነጭ በነጭ ለብሳ ወጣች። ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ቆሞ ይመርቃታል። እኔ መኪናዋን ከጠዋት ጀምሮ ሳጥብ ውዬ ኮርኒሱ ላይ ያለውን ነገር ገና ማየቴ ነበር፤ ደሜ ፈልቷል። ከኋላ ሻንጣ ፌስታል አወጣሁና፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ "ይሄን ራስሽ ላይ አድርጊ፣ ኮርኒሱን ጨረሽው" አልኳት።

አደረገችው።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ፌስታል ራሷ ላይ አድርጋ ሄደች። መንገድ ላይ ያስቆመን ትራፊክ መንጃ ፈቃዴን ትቶ እሷን አየ። ጣፎ ላይ አውልቂው ብላት ኖሮ ይበቃ ነበር፤ ሸኖ ላይ ብላትም ይበቃ ነበር። እልህ ያዘኝና አላልኳትም። ሠርጉ ቤት ስንደርስ አውልቃ፣ አራት ቦታ አጥፋ፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ ከተተችውና ገባች። በዚያው እህቷ ቤት ቀረች፤ ከዚያ ወዲህ እኔ መኪና ውስጥ አልተቀመጠችም።

ኮርኒሱ ሁለት ሳምንት ሳይቆይ በራሱ ወረደ።

አፈርኩ። ይኸው ጻፍኩት።

11.

ሸምሱ ቅዳሜ ጨረሰ። ሰሌዳውን በቤንዚን አጥቦ፣ ቅቤውን አስለቅቆ፣ አዲስ ስፖንጅ፣ አዲስ ጨርቅ። ጥቁር ይሁን፣ ጥቁር ቅባት ይደብቃል ብሎኝ ነበር። እኔ ግራጫ ካልሆነ አልኩ፤ እንደ ፋብሪካው ይሁን አልኩ። አንድም መጨማደድ የለውም።

ሲያስረክበኝ ዳሽቦርዱን አጽድቶ የታጠፈ ፌስታል አሳየኝ፤ ውስጡ ቅቤ ደርቆበታል። ልጣለው ወይ ሲለኝ፣ የነበረበት መልሰው አልኩት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልነግራችሁ ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

12.

እሑድ፣ ደብረ ብርሃን፣ ሦስት ሰዓት።

ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ጋሽ ፈንታሁን ባሉት መሠረት ከኋላ ተቀምጠው በትራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመዋል። እኔ መሪውን ይዣለሁ። የፊቱን በር ከውስጥ ከፍቼላት ነበር።

የውብዳር ወጣች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ሹሩባው አዲስ ነው። ቅቤው ከብርዱ የተነሳ ገና አልቀለጠም፤ አናቷ ላይ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል።

ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ወደ ኮርኒሱ ነበር።

ሳላስበው ነው። ግን ሄደ። እሷ አየችኝ፤ ጋሽ ፈንታሁንም በመስተዋቱ አዩኝ።

አልተቀመጠችም። ጎንበስ ብላ እጇን ሰደደችና ዳሽቦርዱን ከፈተች። ፌስታሉን አወጣች፣ እጥፋቱን አንድ በአንድ ዘረጋችው፣ በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ አቀረበችው።

"ላድርገው?" አለች።

ጋሽ ፈንታሁን በትራቸውን አንዴ ወለሉ ላይ መታ አደረጉ።

13.

የባል መልስ (በአጭሩ ይሞላ)፦