ማሽኑ ባዶ ወረቀት ሲተፋ

ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ወጣ። ጸሐፊዋ ደገመችው፤ አሁንም ነጭ። የምታባዛውን ገጽ ገልብጣ አስቀመጠችው፣ መስታወቱን በሻርፗ ጫፍ ወለወለችው፣ ኮፒ ማሽኑን አጥፍታ አበራችው። ያው ነጭ።

ያሳደጋት አጎቷ ከሰዓት በኋላ ይቀበራል። መቃብሩ ላይ የሚነበበውን፣ ለለቀስተኛውም የሚታደለውን የሕይወት ታሪኩን የጻፈችው እሷ ናት። ሚስቱ የለመነቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ልጄ፣ ማሙሽን እንዳትረሺው። ጡት ሳይተው ቢሄድም ልጃችን ነው። ሰው ይስማልኝ።» የገጹ የመጨረሻ መስመር የማሙሽ ነበረች።

«ምን ነክቶት ነው?» አለ ከመዝገብ ቤት ብቅ ያለው ባልደረባዋ፤ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ፍልቅልቁ ይለዋል። «እሱም ሐዘን ገብቶት ቃል አጣ እንዴ?»

ሊያጽናናት ነበር። እሷ ግን ቱግ አለች።

«ትናንት ስትነካካው የዋልከው አንተ አይደለህ? እጅህ ያረፈበት ነገር መቼ ደኅና ሆኖ ያውቃል!»

ትናንት የተቀረቀረ ወረቀት ነበር ያወጣው። ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ።

«ይቅርታ እታለም። አምጪው፣ ከመንገድ ማዶ ካለው ሱቅ ኮፒ አስደርጌልሽ ልምጣ።» ወረቀቱን ይዞ በሩጫ ወጣ።

ብቻዋን ስትቀር የማሽኑን ሆድ ከፍታ የቀለም ካርትሪጁን ሳበችው። ከጎኑ ብርቱካንማ ላስቲክ ምላሱን አውጥቷል። ጠዋት ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ አዲሱን ካርትሪጅ የከተተችው ራሷ ናት። በዚህ ቢሮ አሮጌውን ካርትሪጅ ቀለም እያስሞሉ መልሶ መክተት እንጂ አዲስ ታይቶ አይታወቅም፤ ማሸጊያው መሳብ እንዳለበት ማን አስቦት! ስትጎትተው እየረዘመ ወጣ። አንድ አሮጌ ማስታወቂያ ብትሞክርበት ጥርት ያለ ጽሑፍ ሰጣት።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ፍልቅልቁ ላብ በላብ ሆኖ ሲመለስ ላስቲኩን ጨምድዳ ቦርሳዋ ውስጥ ወሸቀችው።

«ይኸው። ሰውዬው እየተቻኮለ ነው የሠራው፣ እስቲ እዪው። ማሽኑስ?»

«እንደዚያው ነው» አለች። ዓይኑን ላለማየት ወረቀቶቹንም ሳታይ ታቅፋ ወጣች።

መቃብሩ ዳር አንድ ጡረተኛ መምህር ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። የሟቹን ልጆች በየስማቸው ጠራ፤ ከዚያ ወረቀቱን አጠፈው። የአጎቷ ሚስት ቀና አለች። የሚቀጥለውን ትጠብቃለች። ጸሐፊዋ እጇ ላይ ያለውን ገጽ አየች፤ ኮፒው ዘሞ የታችኛው መስመር ተቆርጧል።

«አንድ ልጅ ይቀራል!» ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ማሙሽ። ጡት ሳይተው የተለየን ማሙሽም የእሱ ልጅ ነው።»

የአጎቷ ሚስት አፏን በመሐረብ ይዛ ራሷን ነቀነቀች።

ፍልቅልቁ ከኋላ ተጠጋት። «በእኔ ነው፤ አይቼ መቀበል ነበረብኝ።»

አንገቷን ደፋች። «ያንተ አይደለም። ማሸጊያውን ሳልስበው የከተትኩት እኔ ነኝ። ስትመለስ ማሽኑ እየሠራ ነበር።»

አፈሩ መመለስ ጀመረ።

«ይሄ እዚህ አይወራም» አለ በመጨረሻ፣ ፊቱን ሳያዞርላት። «ሂጂ እሳቸውን ደግፊያቸው።»

ሄዳ የአጎቷን ሚስት ክንድ ያዘች። እሷም እጇን ጭብጥ አድርጋ «ተባረኪ ልጄ፣ አስጠራሽልኝ» ስትላት መግቢያው ጠፋት።